ለድሮ የአርኬድ ማሽን ባለ ብዙ ጌም ቦርድ፦ ሲገዛ፣ ሲገጠም፣ ሲቀመጥ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «የድሮ የአርኬድ ማሽን በርካሽ አገኘሁ፣ ውስጡ ያለው ጌም ግን አይሠራም። ብዙ ጌም ያለውን ቦርድ (ጌሞቹ የተጫኑበትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ገዝቼ ልግጠምበት?» አዎ፣ ይቻላል። ችግሩ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ቦርዱን ከገዛ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ካቃጠለው በኋላ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው፣ ከመግዛታችሁ በፊት እንድታነቡት ሁሉንም በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የምጽፈው እዚህ በእጄ ስላለፉት ማሽኖች ነው፤ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ባለ ቱቦ ስክሪን ያላቸው፣ በ120 ቮልት የሚሠሩ ቁመታም የእንጨት ካቢኔቶች። ማሽኑን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ያሰባችሁ መጨረሻ ላይ ለእናንተ ብቻ የጻፍኩት አለ። ሳታነቡት እንዳትልኩ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ቦርዱ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ስክሪኑና ካቢኔቱ ግን አንዴ ከተበላሹ ምትካቸውን ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ለቦርዱ ብላችሁ አትቁረጡት፣ ቦርዱን ለማሽኑ ምረጡለት። ዛሬ የምትሠሩትን ነገር ሁሉ ነገ ፈትታችሁ ወደነበረበት መመለስ መቻል አለባችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዲጂታል መልቲሜትር (ቴስተር)። ያለ እሱ አትጀምሩ።
- መስቀልና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ በተጨማሪ ቮልቴጅ ለማስተካከል ትንሽ የፕላስቲክ ካቻቢቴ
- 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ጥጥ፣ ነጭ ለስላሳ ላጲስ
- ባለ 5 እና ባለ 12 ቮልት የአርኬድ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለቦርዱ ወደሚሆን ዝቅተኛ ቮልት የሚቀይረው)፣ ማሽኑ ውስጥ ከሌለ
- የጃማ ገመድ (ቦርዱን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ስታንዳርድ ገመድ)፣ ወይም ለማሽናችሁ ሞዴል የተሠራ አዳፕተር
- ቦርዱን ከእንጨቱ ከፍ የሚያደርጉ የፕላስቲክ እግሮች
- ብርማ ቀለም ያለው የስታቲክ (ሰውነትና ዕቃ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) መከላከያ ከረጢት
- ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ዓይነት ሲሊካ ጄል
- ወረቀት ፕላስተር፣ እስክሪብቶ፣ የስልክ ካሜራ

ማስጠንቀቂያ፣ ይህን አትዝለሉት

ባለ ቱቦው ስክሪን ውስጥ ከ20,000 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል። ማሽኑ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ኤሌክትሪኩን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከቱቦው ጎን ላይ ካለው፣ ወፍራም ሽቦ ከገባበት የላስቲክ ቆብ እጃችሁን አርቁ። ከቱቦው አንገት አርቁ፣ ከስክሪኑ በታች ካለው፣ የስክሪኑ ሰርኪት ከተቀመጠበት የብረት ቻሲም አርቁ። ቦርድ ለመቀየር ስክሪኑን መንካት አያስፈልግም። ስክሪኑ ራሱ ከተበላሸ ባለሙያ ጥሩ። ልጆች ባሉበት የኋላውን በር ከፍታችሁ ለአፍታም አትሂዱ።

ደግሞ ብዙ የድሮ ስክሪኖች የሚሠሩት ካቢኔቱ ግርጌ በተቀመጠ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር በኩል ነው። ትራንስፎርመሩ ከብዶ፣ አርጅቶ፣ የማይጠቅም ቢመስላችሁም አታውጡት። የስክሪኑን ቻሲ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚለየው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ቻሲውን መንካት ሰው ይገድላል።

1. ማሽኑን እወቁት

ማሽኑን ከግድግዳ ንቀሉና የኋላውን በር ክፈቱ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ነገ «ይቺ ቀይ ሽቦ የት ነበረች?» ስትሉ መልሱ እዚያ ፎቶ ላይ ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ታያላችሁ።

መጀመሪያ ስክሪኑ የቆመ (ቁመቱ የሚበልጥ) ነው ወይስ የተኛ (ወርዱ የሚበልጥ)? እንደ ፓክማን፣ ጋላጋና ዶንኪ ኮንግ ያሉት ለቆመ ስክሪን የተሠሩ ናቸው፤ ስትሪት ፋይተር 2 ደግሞ ለተኛ። የቆመ ስክሪን ላይ የተኛ ጌም ብትከፍቱ ወይ በጎኑ ይተኛል፣ ወይ ተጨምቆ ከላይና ከታች ጥቁር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ገመዱ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን ሶኬት ጥርሶች፣ ማለትም የተደረደሩትን ትንንሽ የብረት መገናኛዎች፣ ቁጠሩ። ጃማ የሚባለው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የተለመደው የጃፓኖች ስታንዳርድ ሲሆን በአንድ ጎን 28፣ በሌላው ጎን 28፣ በድምሩ 56 ጥርስ አለው። ከዚያ በፊት የነበሩት ማሽኖች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ገመድ ነበራቸው። ለምሳሌ የ1980ው ፓክማን 44 ጥርስ ነው ያለው። በዚያ ላይ የፓክማን ቦርድ ከትራንስፎርመሩ ዝቅተኛ ቮልት ያለው ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ተቀብሎ 5 ቮልቱን የሚሠራው ራሱ ነው። ስለዚህ ፓክማን ላይ የጃማ ቦርድ ለመግጠም አዳፕተር ብቻ አይበቃም፣ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይም መጨመር አለባችሁ። ይህን ሳያውቁ አዳፕተር ብቻ ገዝተው «ቦርዱ ሞቶ መጣ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ስክሪኑ የሚቀበለው ስንት ኪሎኸርትዝ ነው (በሰከንድ ስንት ሺህ መስመር ይስላል ማለት ነው)? የድሮዎቹ አብዛኞቹ 15 ኪሎኸርትዝ ናቸው። ቦርድ ሻጮች ይህንን ሲጂኤ ይሉታል። ቪጂኤ የሚባለው 31 ኪሎኸርትዝ ለኮምፒውተር ስክሪን ነው። 31ን ለ15 ስክሪን ብትሰጡት ምስሉ ይቆራረጣል፣ ስክሪኑ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ሊያሰማ ይችላል፤ ከቆየ ደግሞ የስክሪኑን አካል ሊያቃጥል ይችላል።

2. ቦርዱን ምረጡ

የጌሙን ብዛት አይታችሁ አትግዙ። «2000 ጌም» የሚል ቦርድ ላይ አንዱ ጌም በጃፓን ቅጂ፣ በአሜሪካ ቅጂ፣ በፈጣን ቅጂ እየተደጋገመ ተቆጥሮ ታገኙታላችሁ። የቆመና የተኛ ጌምም ተደባልቆበታል።

የቆመ ስክሪን፣ አንድ ጆይስቲክና ከሁለት እስከ ሦስት በተን ላለው ማሽን «60 ኢን 1» የሚባለው ቦርድ ቀላሉ ምርጫ ነው። ጌሞቹ የቆሙ ናቸው፣ የጃማ ጥርስ አለው፣ ሲጂኤ ወይም ቪጂኤ የሚለውን ቦርዱ ላይ ባሉት ትንንሽ ስዊቾች ትመርጣላችሁ። ለተኛ ስክሪንና ለስድስት በተን ግን ሌላ ቦርድ ፈልጉ።

ፓንዶራ ቦክስ በሚል ስም የሚሸጡት ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ለድሮ ስክሪን ይሆናል፣ አንዳንዱ ግን የተሠራው ለኤችዲኤምአይና ለቪጂኤ ብቻ ነው። የጃማ ጥርስ ስላለው ብቻ 15 ኪሎኸርትዝ ይሰጣል ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ከአንድ ሻጭ «ለድሮ ስክሪን ይሠራል» ተብዬ ገዝቼ፣ ስሰካው ስክሪኑ ያልተለመደ ፉጨት አሰማ። ወዲያው ስላጠፋሁት ተረፈ። ያን ቀን አንድ ደቂቃ ብዘገይ ኖሮ ስክሪኑ አይተርፍም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። በእነዚህ ቦርዶች ላይ የተጫኑት ጌሞች በአብዛኛው ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የተቀዱ ናቸው። ማሽኑን ሬስቶራንታችሁ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሳንቲም ልትሰበስቡበት ካሰባችሁ ይህ ቦርድ ለእናንተ አይሆንም። ፈቃድ ያለውን ፈልጉ።

3. ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ

- ጥርሶቹ በቅርብ የተነሱበት ፎቶ ይላክላችሁ፣ ፊትና ጀርባ። የጠቆረ፣ የተቃጠለ ወይም የተላጠ ጥርስ ካለበት ተዉት።
- በ15 ኪሎኸርትዝ ስክሪን ላይ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክላችሁ። በኤልሲዲ ላይ መሥራቱ ለእናንተ ምንም አይነግራችሁም።
- ጌሞቹ ያሉት በተበየደ ቺፕ ላይ ነው ወይስ በሚወጣ ካርድ? ካርድ ከሆነ ቅጂ ማስቀመጥ ትችላላችሁ።
- የስዊቾቹ መመሪያ ወረቀት አለው? ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ቦርዶች የስዊች አሰላለፋቸው ሊለያይ ይችላል።
- መመለስ ይቻላል? እስከ ስንት ቀን? ቦርዱ እንደደረሰ የምትፈትሹት በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው።

4. የድሮውን ቦርድ አውጡና አስቀምጡ

ባይሠራም አትጣሉት፣ አትሽጡት። ጠጋኝ ሊያድነው ይችላል፤ ማሽኑን አንድ ቀን ብትሸጡትም ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አሁን ተጠንቀቁ፣ ባትሪውን እዩ። እዚህ ላይ ሰው በቅን ልብ ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ሁለት ዓይነት ባትሪ አለ፣ አያያዛቸውም ተቃራኒ ነው።

አንዱ ኒኬል ካድሚየም ነው። የኤስኤንኬ ኒዮ ጂኦ ኤምቪኤስ ቦርዶች ላይ ያለው ባለ 3.6 ቮልት ባትሪ እንደዚህ ነው። አንዳንድ የኤምቪኤስ ሞዴሎች በአንድ ማሽን ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት ካርትሪጅ (የጌም ካሴት) የሚወስዱ ስለሆኑ ከጥንቱም ባለ ብዙ ጌም ነበሩ። ባትሪው ሲያረጅ ፈሳሹ ይወጣና የቦርዱን የመዳብ መስመር ይበላዋል። ይህን ባትሪ ዛሬውኑ አስነሱት። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ በጥጥ ላይ ነጭ ኮምጣጤ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ ኮምጣጤው ኃይሉን ያጠፋዋል። ከዚያ በአልኮል አጥባችሁ በደንብ አድርቁት።

ሌላው የካፕኮም ሲፒኤስ 2 እና አንዳንድ የሴጋ ቦርዶች ላይ ያለው ነው። እዚያ ባትሪው የጌሙን ምስጢራዊ ቁልፍ (ጌሙን የሚፈታውን ኮድ) በሕይወት የሚያቆይ ነው። ካነሳችሁት ጌሙ ይሞታል። ቦርዳችሁ የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትንኩት፣ መጀመሪያ የቦርዱን ስም አጣሩ።

የወጣውን ቦርድ ብርማው ከረጢት ውስጥ ክተቱ። ሮዝ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ስታቲክ አይፈጥርም እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። በከረጢቱ ላይ በወረቀት ፕላስተር የማሽኑን ስምና የወጣበትን ቀን ጻፉ። ቁልፉን፣ መመሪያውን፣ የተፈቱትን ብሎኖች አብራችሁ አስቀምጡ።

5. ፓወሩን ቦርዱ ሳይሰካ ለኩ

ቦርድ የሚቃጠለው እዚህ ደረጃ ተዘሎ ነው። አዲሱን ቦርድ አርቁት። ማሽኑን አብሩና የጃማውን ሶኬት በቴስተር ለኩ። ጥቁሩን ዘንግ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ላይ፣ ማለትም ቁጥር 1 ወይም 2 ላይ አድርጉ። ቀዩን 3 ወይም 4 ላይ ስታደርጉ 5 ቮልት፣ 6 ላይ 12 ቮልት ማየት አለባችሁ። 5 ቁጥር ላይ ኔጌቲቭ 5 ቮልት ሊኖር ይችላል። አብዛኞቹ አዳዲስ ቦርዶች አይጠቀሙበትም፣ የድሮው ቦርድ ግን ሊፈልገው ስለሚችል ሽቦውን አትቁረጡት።

5 ቮልት በሚጠበቅበት ቦታ 12 ካገኛችሁ አንድ ሰው ከእናንተ በፊት ገመዱን ነካክቶታል። ሳታስተካክሉ ወደፊት አትሂዱ። አንዳንድ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ከሌለው በትክክል አያሳይም፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ።

6. ስዊቾቹን አስተካክሉ፣ ከዚያ ስኩት

ማሽኑን አጥፉና ንቀሉ። ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት የካቢኔቱን የግራውንድ ብረት ንኩ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እዚያ ይወርዳል። በአሜሪካ ክረምት፣ በብርዱ ወቅት ደረቅ አየር፣ ምንጣፍ ላይ ስትሄዱ የሚፈጠረው ስታቲክ ለቺፕ በቂ ጠላት ነው።

ስዊቹን ወደ ሲጂኤ፣ 15 ኪሎኸርትዝ አድርጉ። ይህ ቦርዱ ከመብራቱ በፊት ነው እንጂ በርቶ እያለ አይቀየርም።

የቦርዱን ጥርስ በአልኮል ጥረጉ። ካልጠራ በነጩ ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሻሹና እንደገና በአልኮል ጥረጉ። የብረት ሱፍም ሆነ የአሸዋ ወረቀት አትጠቀሙ፣ የላይኛው ስስ ሽፋን አንዴ ከተላጠ ከሥሩ ያለው መዳብ ይዝጋል።

አሁን ሶኬቱን ስኩ። የጃማ ቦርድ 7ኛው ጥርስ ላይ ክፍተት አለው፣ ገመዱ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ቁልፍ እዚያ ትገባለች። የድሮ ገመዶች ላይ ይህቺ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ጠፍታ ነው የምትገኘው። ከሌለች ገልብጦ መሰካት በጣም ቀላል ነው፤ ያኔ ፓወሩ የማይገባበት ቦታ ይገባል። ቁጥር 1 የት እንደሆነ ገመዱም ቦርዱም ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

7. አብሩት፣ 5 ቮልቱንም ቦርዱ ላይ አስተካክሉ

መጀመሪያ ለአምስት ሰከንድ ብቻ አብሩና አጥፉ። የሚሸት፣ የሚጨስ፣ የሚያፏጭ ነገር ከሌለ እንደገና አብሩ።

ምስሉ መጣ? ገና አልጨረሳችሁም። ቴስተሩን ቦርዱ ላይ አድርጋችሁ 5 ቮልቱን እንደገና ለኩ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 5.00 ቢልም፣ በቀጭን የድሮ ሽቦና በቆሸሸ ሶኬት በኩል አልፎ ቦርዱ ጋ ሲደርስ 4.7 ሊሆን ይችላል። ከ4.75 በታች ሲሆን ጌሙ በመሀል ራሱን ያጠፋል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሰው ደግሞ ቦርዱን ይረግማል። ከ5.25 በላይ ደግሞ ቺፕ ይጎዳል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ በፕላስቲኩ ካቻቢቴ በጣም ቀስ እያላችሁ፣ ቴስተሩን እያያችሁ፣ ቦርዱ ላይ ከ5.00 እስከ 5.05 አድርጉት።

ሶኬቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ኮንታክቱ መጥፎ ነው። ማዞሪያውን እየጨመራችሁ አትሸፍኑት፣ ሶኬቱን አጽዱ ወይም ቀይሩ።

8. በተኖችና ድምፅ

በቦርዱ የቴስት ሜኑ ውስጥ እያንዳንዱን በተንና ጆይስቲክ ሞክሩ። የማይሠራ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የበተኑ ስዊች ነው እንጂ የቦርዱ አይደለም። ለስድስት በተን ጌሞች የጃማው ገመድ ብቻ አይበቃም፣ ከቦርዱ ወደ በተኖቹ የሚሄድ ተጨማሪ ገመድ አለ። ድምፁ ካነሰ ቦርዱ ላይ ያለችውን የድምፅ ማዞሪያ ፈልጉ። የስፒከሩን ኔጌቲቭ ሽቦ ከግራውንድ ጋር አታገናኙ፣ የአንዳንድ ቦርዶችን የድምፅ ክፍል ያቃጥላል።

9. ቦርዱን አቁሙት

በፕላስቲክ እግሮች ከእንጨቱ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ፣ የብየዳው ጫፍም ብረት እንዳይነካ። ካቢኔቱ ላይ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት ቦርዱን ትንሽ ኮምፔርሳቶ ላይ አስራችሁ ኮምፔርሳቶውን በድሮው ቦርድ ቀዳዳዎች እሰሩት። ቦርዱን በብርማው ከረጢት ላይ አስቀምጣችሁ ደግሞ በፍጹም አታብሩ። የከረጢቱ ገጽ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሾርት ያደርጋል።

10. የካርዱን ቅጂ ያዙ

ጌሞቹ ኤስዲ ወይም ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ላይ ከሆኑ ካርዱ ከቦርዱ ቀድሞ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ገና ሲሠራ ቅዱት።

ማሽኑን አጥፍታችሁ ካርዱን አውጡ፣ ኮምፒውተር ላይ ስኩ። እዚህ ጋ ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ ፎርማት ማድረግ አለብህ» ሊላችሁ ይችላል። እሺ እንዳትሉት! እሺ ካላችሁ ጌሞቹ ተሰናበቱ። መልእክቱ የሚመጣው ካርዱ ተበላሽቶ ሳይሆን ዊንዶውስ የማያነበው አሠራር ስላለው ነው። በዚሁ ምክንያት ፋይሎችን መርጦ ኮፒ ማድረግም አይበቃም። እንደ ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር ባለ ፕሮግራም ካርዱን እንዳለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ፋይል ቅዱት። «ሪድ» እና «ራይት» የሚሉትን ሁለት በተኖች ግን ደጋግማችሁ እዩ፣ ከተሳሳታችሁ ባዶውን በሙሉው ላይ ትጽፉበታላችሁ።

ከዚያ ቅጂውን በሌላ ካርድ ላይ ጻፉና ቦርዱ ላይ ሞክሩት። ያልተሞከረ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። መጠባበቂያው ካርድ ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ያለው ይሁን፤ ሁለት «8 ጊጋ» ካርዶች እኩል ላይሆኑ ይችላሉና።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

- ማሽኑ በርቶ እያለ ቦርዱን መንቀልና መሰካት። ለአንድ ሰከንድም ቢሆን አይደረግም።
- «የጃማ ገመድ ልዘርጋ» ብሎ የድሮውን ኦሪጅናል ገመድ መቁረጥ። አዳፕተር ግዙ፣ ገመዱ እንዳለ ይቆይ።
- ፊውዝ ሲቃጠል ከፍ ያለ አምፔር መተካት። ፊውዙ የተቃጠለው አንድ ነገር ስለተበላሸ ነው። ያንን ፈልጉ።
- ትርፉን ቦርድ ጣራ ሥር ወይም እርጥብ ቤዝመንት ውስጥ መክተት። በሜሪላንድ በጋ፣ በሙቀቱ ወቅት፣ እርጥበቱ ከባድ ነው። ከረጢት ውስጥ፣ ከሲሊካ ጄል ጋር፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ እናንተ በምትኖሩበት ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ቦርዶችን አትደራርቡ።

ወደ ኢትዮጵያ ለምትልኩ

አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ ብዙ ጊዜ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ስዊች አለ። 115 ላይ እንዳለ አዲስ አበባ ላይ ብትሰኩት ወዲያው ይፈነዳል። ግን ስዊቿን መቀየርም ብቻውን አይበቃም፤ ስክሪኑ፣ አይሶሌሽን ትራንስፎርመሩና የላይኛው መብራት አሁንም የሚጠብቁት 120 ነው። ስለዚህ ስዊቿን 115 ላይ ተዉትና ለሙሉው ማሽን አንድ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ። ማሽኑ ከሚወስደው ዋት ቢያንስ እጥፍ የሚችል ይሁን። የላይኛው መብራት ፍሎረሰንት ከሆነ ባላስቱ ለ60 ኸርትዝ የተሠራ ስለሆነ በኤልኢዲ ቀይሩት፣ የድሮውን አስቀምጡ።

ቦርዱን ማሽኑ ውስጥ እንዳለ አትላኩት። በመንገድ ላይ ተነቃንቆ ስክሪኑ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አውጥታችሁ፣ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ፣ ለብቻው ላኩት ወይም በሻንጣ ያዙት። የተቀባዩን ስልክ ላይም የገመዱን ፎቶዎችና «መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ስካ» የሚለውን 5ኛ ደረጃ ላኩለት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ከግድግዳ ይንቀለው። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው አይሰካው፣ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ።